«ክረምት ይቅር» ለምትሉ ልጆች

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር አንድ ሐሳብ አብሮ ብቅ ይላል። የክረምቱ ዕረፍት ይቅር፣ ትምህርት ቤት ዓመቱን ሙሉ ይከፈት የሚል። አሁን አሁን ሐሳቡን አጥብቃችሁ የያዛችሁት እናንተ ወጣቶቹ ናችሁ። ይገርመኛልም፣ ደስም ይለኛል። እኛ በእናንተ ዕድሜ ሰኔ 30ን የምናውቃት ካርድ መቀበያና ዓመቱን ሙሉ የተያዘ ቂም መወጫ ቀን አድርገን ነበር።

መምህር ሆኜ፣ ርዕሰ መምህር ሆኜ፣ በኋላም ሱፐርቫይዘር ሆኜ ዕድሜዬ ያለቀው በትምህርት ቤት ግቢ ነው። ጡረታ ብወጣም ጆሮዬ ከዚያ አልወጣም። ክርክራችሁን ስሰማ ዝም ማለት አቃተኝ። ሐሳባችሁን ላጣጥል አይደለም። ግን የጠፋውን ጊዜ የምትፈልጉት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ጊዜው ሲጠፋ ያየሁት ትምህርት ቤቱ ክፍት ሆኖ ነው።

ቁጥሩ ያስደነግጣል፣ እውነት ነው። በ2014 ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 ከፍ አለ። ማሻሻል ከተባለ ማሻሻል ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ያየ ሰው «ቀኑ አንሷል» ቢል አይፈረድበትም። ግን ልብ በሉ። ከ2014 በፊትም ክረምቱ ያው ክረምት ነበር። የተለወጠው ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ኩረጃው መጥበቡ ነው። ስለዚህ ውጤቱ የገለጠው ከመስከረም እስከ ሰኔ ስንሠራ የከረምነውን ነው።

እስቲ ያንን ዓመት አብረን እንየው። ትምህርት በካሌንደሩ መሠረት መስከረም ላይ ይጀመራል። በተግባር ግን ተማሪው ከመስቀል በፊት አይሞላም። ተማሪው ስላልሞላ መምህሩ አይጀምርም። መምህሩ ስላልጀመረ ተማሪው አይመጣም። ከመስቀል በኋላም ቢሆን ፕሮግራም አልወጣም ይባላል። የሒሳብ መምህር አልተመደበም። መጽሐፉ ወረዳ ደርሷል፣ ትምህርት ቤት ግን አልደረሰም። እንዲህ እያልን ጥቅምት ይገባል።

ጥር ላይ የመንፈቅ ፈተና አለ። ፈተናው ራሱ አንድ ሳምንት ይወስዳል። ከዚያ እርማት፣ ከዚያ ሮስተር (የክፍሉን ውጤት መዝገብ) መሥራት፣ ከዚያ ዕረፍት። ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሲጀመር የመስከረሙ ታሪክ በትንሹ ይደገማል። ግንቦት ሲጋመስ ደግሞ «ክለሳ» ይመጣል። ክለሳ ብዙ ቦታ መምህሩ ቢሮ፣ ተማሪው ሜዳ ላይ የሚውሉበት ጊዜ ነው። በመሃል የመምህራን ስብሰባ አለ፣ ሥልጠና አለ፣ እንግዳ ሲመጣ ሰልፍ አለ። በፈረቃ የሚማር ልጅ ከሆነ ደግሞ ቀኑ ራሱ ግማሽ ቀን ነው።

ለሱፐርቪዥን ስሄድ መጀመሪያ የምጠይቀው የርዕሰ መምህሩን ሪፖርት አልነበረም። የክፍል አለቃው «መምህር ገባ፣ አልገባ» እያለ የሚሞላትን ወረቀት ነበር የምጠይቀው። ሪፖርቱ ላይ ዕቅዱ ተሳክቷል። ወረቀቷ ላይ ሌላ ነገር አለ። በአንድ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ሙሉ መንፈቅ ዓመት መምህር ሳያገኝ ካርድ ላይ ውጤት ተሞልቶለት አይቻለሁ። ውጤቱ ከየት እንደመጣ ስጠይቅ «በአማካይ ተሞልቶ ነው» ተባልኩ። የምን አማካይ እንደሆነ እስከዛሬ አልገባኝም።

እንዲህ ባለ ዓመት ላይ ሐምሌንና ነሐሴን ጨምሩበት። ምን ታገኛላችሁ? ሁለት ወር ተጨማሪ ሰልፍ።

ደግሞም ዝናቡ አለ። ክረምት ይቅር የሚል ሰው ሐምሌ ላይ ጎጃም ወይም ወሎ ሄዶ ቆርቆሮ ክዳን ሥር አንድ ክፍለ ጊዜ ያስተምር። ዝናቡ ሲወርድ ከፊት ወንበር የተቀመጠው ልጅ እንኳ አይሰማም። ቤትና ትምህርት ቤት በወንዝ የተለያዩበት ቀበሌ ብዙ ነው። በጋ ላይ ድንጋይ ለድንጋይ የሚሻገሩት ወንዝ ነሐሴ ላይ ልጅ ይወስዳል። ድልድይ ሳይሠራ ክረምት ይከፈት ማለት እናት ልጇን ከቤት እንዳታስወጣ መንገር ነው።

ግን ይህን ብዬ ለእናንተም የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። የኛ ክረምት የሁሉም ክረምት አይደለም። ቦረና ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር ይመጣል። ሶማሌ ክልልም በብዛት እንዲሁ ነው። ሐምሌ ለእነሱ ደረቅ ወር ነው። አፋር ቆላው ላይ ደግሞ ሰኔና ሐምሌ ልጅ ክፍል የሚቀመጥበት ሙቀት አይደለም፣ ዝናቡ ግን ያን ያህል አይደለም። ካሌንደሩ የተቆረጠው በደጋው ልክ ነው።

ደጋው ላይም ቢሆን በዝናቡ ልክ እንጂ በመኸሩ ልክ አልተቆረጠም። ክረምት የተዘጋው ልጆች በእርሻ እንዲያግዙ ነው ሲባል ትሰማላችሁ። አረምና ከብት ጥበቃ አለ፣ አልክድም። ትልቁ ሥራ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። የጤፍ አጨዳ ያኔ ነው። ማሽላውን ከወፍ የሚጠብቀው ልጁ ነው። ሲዳማና ጌዴኦ ቡና ለቀማው የሚጦፈው ትምህርት በተጀመረ ማግስት ነው። መስከረም ላይ የተሞላ ክፍል ኅዳር ላይ ሲሳሳ ያየ መምህር ይህን ያውቃል። አንዳንዱ ልጅ ለሁለት ሳምንት ብሎ ሄዶ በዚያው ይቀራል።

ይህ የኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። አሜሪካኖችም ረጅሙ የበጋ ዕረፍታቸው (የእነሱ በጋ ከእኛ ክረምት ጋር ነው የሚገጥመው) ከገበሬ ዘመን የተረፈ ነው ሲሉ ኖረዋል። ታሪኩ ግን እንደዚያ አይደለም። የገጠር ትምህርት ቤቶቻቸው ድሮ በዘርና በአጨዳ ጊዜ ይዘጉና በጋውን ያስተምሩ ነበር። ረጅሙን ዕረፍት ያመጣው በአብዛኛው የከተማው ሙቀትና ከተማውን ለቅቆ መሄድ የሚችለው ሰው ነው። ዛሬ «ዓመቱን ሙሉ» የሚባሉት ትምህርት ቤቶቻቸውም ስሙ ያታልላል። አንዱ የታወቀ አሠራር 45 ቀን ተምሮ 15 ቀን ማረፍ ነው። የዓመቱ ድምር ያው ወደ 180 ቀን ነው። ዕረፍቱን በተኑት እንጂ ትምህርቱን አላበዙትም።

ሎስ አንጀለስ ደግሞ የባሰ ነው። ተማሪ በዝቶ ክፍል ሲጠባቸው ልጆቹን በቡድን ከፍለው ዓመቱን ሙሉ አፈራረቋቸው። ሕንፃው አንድ ቀን አላረፈም። በአንደኛው አሠራር ግን እያንዳንዱ ልጅ በዓመት የሚማርበት ቀን ወደ 163 ወረደ። ለማካካስ ቀኑን አስረዘሙት። በኋላ በፍርድ ቤት ክርክር ጭምር ተገፍቶ ቀረ። ፈረቃን የምናውቅ ሰዎች ይህን ታሪክ ስንሰማ አስተርጓሚ አንፈልግም።

በረጅሙ ዕረፍት ልጆች ስለሚረሱት ነገርም እዚያው አሜሪካ ብዙ ተጠንቷል። ከሁሉ የታወቀው ባልቲሞር ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ የአንደኛ ክፍል ልጆችን ለዓመታት የተከታተለው ጥናት ነው። የድሃና የሀብታም ልጅ ልዩነት የሚሰፋው በብዛት በዕረፍቱ ወራት ነው አለ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች በተሻለ ፈተና ሲለኩት ያ ውጤት በሁሉም ቦታ አልተደገመም። ስለዚህ በዚህ ጥናት ብቻ ተደግፋችሁ አትከራከሩ። እኔ በዓይኔ ያየሁት ግን አለ። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ተዘግቶ ጥቅምት 2013 መከፈት ሲጀምር፣ ትልልቆቹ ተማሪዎች እንደምንም ያዙ። ገና ፊደል እየለዩ የነበሩት ግን ብዙዎቹ እንደ አዲስ ጀመሩ። መዘጋት የሚጎዳው ታችኛውን ክፍል ነው።

ክረምት የሚከብደው ልጅም አለ። አዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የምገባ ፕሮግራም ለስንቱ ቤት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ግቢው ሲዘጋ ቁርሱና ምሳውም አብሮ ይዘጋል። ይህን ስታነሱ ሙሉ በሙሉ አብሬያችሁ ነኝ። ግን ከዚያው ሰፈር ሌላ ልጅ ደግሞ አለ። ክረምቱን ሊስትሮ ሠርቶ ወይም ቆሎና ማስቲካ አዙሮ ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛ። ክረምቱን ውሰዱበት፣ መስከረም ላይ በባዶ እጁ ነው የሚመጣው። ክርክራችሁ ውስጥ ይህ ልጅ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።

መምህሩንም ረስታችሁታል። የኛ አገር መምህር ከሰርተፍኬት ወደ ዲፕሎማ፣ ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ የወጣው በብዛት በክረምት ኮርስ ነው። መደበኛ ተማሪው ሲወጣ ዶርሙ ለእሱ ይለቀቅለታል። ክረምት ከሌለ መምህሩ መቼ ይማር? ጀማሪ መምህራን ካላችሁ ለእናንተ አንድ ቃል ልበል። ክረምት ኮርስ ለደረጃ ዕድገት ወረቀት መልቀሚያ አታድርጉት። እኔ የማውቃቸው ጎበዝ መምህራን ኮርሱ ላይ የተማሩትን መስከረም ላይ ክፍል ውስጥ የሞከሩት ናቸው።

ክረምት ባዶ ጊዜ ነው ለሚል ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን አስታውሳለሁ። ሐምሌ 1971 የተጀመረው ያለ ምክንያት አይደለም፣ ተማሪና መምህር ነፃ የሚሆኑት ያኔ ነው። ስለ ዘመኑ ፖለቲካ የፈለጋችሁትን በሉ፣ እኔም የምለው አለኝ። ግን በአሻራ ትፈርም የነበረች እናት ስሟን ጻፈች። ዘመቻው በዓመቱ ከዩኔስኮ ሽልማት አገኘ።

እንግዲህ ለእናንተ የምመክረው ምንድን ነው? ከሁሉ በፊት፣ ከክረምቶች ሁሉ አንዱ ከሌሎቹ ይበልጣል። የ8ኛ ክፍል ክረምት። ብዙው ልጅ እስከዚያ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተምሮ 9ኛ ክፍል ሲገባ ባዮሎጂውም፣ ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ውድቀቱ የሚጀምረው 12ኛ ላይ አይደለም፣ እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ሐምሌ ላይ የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ መጽሐፍ ከሰፈር ልጅ ተዋሱ። በቀን አንድ ገጽ ይበቃል። የማታውቁትን ቃል ደብተር ላይ በቋንቋችሁ ጻፉት። ነሐሴ ሲያልቅ ይዘቱን ባትጨርሱት እንኳ ቃሉ አይደነግጣችሁም።

ሒሳብ ላይ ወደፊት ከመሮጥ ወደኋላ ተመለሱ። 11ኛ ክፍል ደርሶ ክፍልፋይ መደመር የሚቸግረው ልጅ ብዙ ነው። አያሳፍርም፣ የተዘለለ ነገር ነው። የ6ኛና የ7ኛ ክፍል መጽሐፍ ይዛችሁ ተቀመጡ። ቱቶር የሚቀጥር ቤተሰብ ከሌላችሁ ከጓደኛ ጋር ሁኑ። ሥራ የምትሠሩ ከሆነም ሥሩ። ሊስትሮ ሠርቶ ለትምህርቱ የሚከፍል ልጅ ከማንም በታች አይደለም።

ቤት ውስጥ የ2ኛ ወይም የ3ኛ ክፍል ታናሽ ካለ ደግሞ በየቀኑ ጥቂት ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። እናንተ አታንብቡለት፣ እሱ ያንብብ። ቄስ ትምህርት ቤት ወይም ቁርአን ቤት የሚሄድ ከሆነም አታስቀሩት፣ ፊደሉ እጁ ላይ ይቆያል።

መለወጥ ያለበትን ከጠየቃችሁኝ ደግሞ፣ ለአገር ሁሉ አንድ ዓይነት ዓመቱን ሙሉ ትምህርት አልፈልግም። ክልልና ወረዳ ዕረፍቱን ወደ ራሱ ዝናብና ወደ ራሱ አጨዳ ያዙር። ቡና ለቀማ ያለበት አካባቢ ኅዳር ላይ ቢዘጋና ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቢከፍት ማን ይጎዳል? ከተማ ላይ ዕረፍቱ ትንሽ ቢያጥር አልቃወምም፣ ምገባው ግን ክረምትም ይቀጥል። ከዚህ ሁሉ በፊት መስከረም ላይ በመጀመሪያው ቀን ይጀመር።

ይህን የመጨረሻውን ለማግኘት አዋጅ መጠበቅ የለባችሁም። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ሲጠራ ሂዱ። «በዓመት ስንት ወር እንማር» አትበሉ። «ባለፈው መንፈቅ ዓመት የሒሳብ መምህር ስንት ክፍለ ጊዜ ገባ?» በሉ። መልሱ የክፍል አለቃው ወረቀት ላይ አለ። የክፍል አለቃ የሆናችሁም ወረቀቷን በእውነት ሙሉ፣ መምህሩ ቢያኮርፋችሁም።