ጥናታችሁን ለማን ነው የምትሰጡት?

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ወጣት መምህር ስልኩን አውጥቶ ኢሜይል አሳየኝ። «ጋሼ፣ ጽሑፍህን በአምስት ቀን እናወጣለን ይላሉ። ልላክላቸው?»

ጥያቄው ገንዘብ እየተቀበለ በቅጡ ሳይገመግም የሚያትም ጆርናል (የጥናት መጽሔት) ያታለለውን ሌላ ልጅ አስታወሰኝ። የአፈር ተመራማሪ ነበር። ማቻከል ላይ አሲዳማ አፈርን በኖራ ማከም ያጠና ነበር። ክረምቱን በጭቃ ሲመላለስ ከረመ። ኖራውን በአህያ እያስጫነ ማሳ ድረስ ያደርሳል። ገበሬዎቹም ከመሬታቸው ቆርሰው ሰጡት። የደጋው ጎጃም አፈር ነገር የዋዛ አይደለም። ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየሙ እየሟሟ የገብሱን ሥር ያቀጭጨዋል። የማዳበሪያውን ፎስፈረስም አፈሩ አንቆ ያስቀረዋል። አንዲት እናት «ማዳበሪያውን እኔ እከፍላለሁ፣ አፈሩ ይበላዋል» ብለውናል። ደግ ሴት ነበሩ፤ በሶ ሳያቀምሱ አይሸኙም። ከሁሉ በላይ የሚጠይቁት ግን «ውጤቱን መቼ ነው የምትነግሩን?» እያሉ ነበር።

ውጤቱ ጥሩ ነበር። ልጁ ጽሑፉን በኢሜይል ለጋበዘው ጆርናል ላከ። በሳምንቱ ተቀባይነት አገኘ። የገምጋሚውን አስተያየት አይቼዋለሁ፤ «ጥሩ ሥራ ነው። ሰዋስው ይስተካከል» ይላል። በቃ። ስለ ናሙናው፣ ስለ ስታትስቲክሱ አንድም ጥያቄ የለም። ለማሳተሚያ የጠየቁትን ዶላር ውጭ ያለ ዘመዱ ከፈለለት። ዳሩ በወርቃማ ቀለም ያጌጠ ሰርተፊኬትም መጣለት።

ለማዕረግ ዕድገት ሲያመለክት ኮሚቴው ጆርናሉን አልቀበልም አለ። ወደ ደህና ጆርናል ልላከው ቢልም አልሆነም። አንዴ የታተመን ጽሑፍ ማን ይቀበላል? የቅጂ መብቱንም ፈርሞ ሰጥቷል። ቆይቶ ድረ ገጹ ራሱ ጠፋ። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ የዕድገቱ ነገር አይደለም። ያ መረጃ ዛሬ ስለ ኖራ የሚያጠና ሰው ፈልጎ የማያገኘው መሆኑ ነው።

የዘንድሮ ልጆች ትቸኩላላችሁ። ደግሞ አልፈርድባችሁም፤ ዕድገት በፔፐር ቁጥር ሲለካ ማን ይታገሣል? ይህን ሥርዓት የዘረጋው የእኛ ትውልድ ነው።

ብቻ ጆርናል ስለ ራሱ የሚለውን አትመኑ። «ስኮፐስ ውስጥ አለሁ» ካለ ስኮፐስ የተባለው የጆርናሎች መረጃ ቋት ራሱ ላይ ገብታችሁ ፈልጉ። የታወቀ ጆርናል ስም ሰርቀው አስመሳይ ድረ ገጽ የሚከፍቱም አሉ፤ አድራሻውን ፊደል በፊደል አስተያዩ። አይኤስኤስኤን መለያ ቁጥር ነው እንጂ የጥራት ማረጋገጫ አይደለም። ከአርትዖት ቦርዱ አንዱን መርጣችሁ በሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ ኢሜይሉ ጠይቁት። ስሙ እዚያ እንዳለ የማያውቅ ምሁር ያጋጥማችኋል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሚሠራው ዶአጅ (DOAJ)፣ ማለትም በነፃ የሚነበቡ ጆርናሎች ማውጫ፣ እና የአፍሪካ ጆርናሎችን የሚያሰባስበው ኤጆል (AJOL) ጥሩ መነሻ ናቸው። አጠራጣሪ አሳታሚዎችን ይዘረዝር የነበረው የጄፍሪ ቢል ዝርዝር ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ከድረ ገጹ ወርዷል፤ በእሱ ብቻ አትመሩ።

ገንዘብ የጠየቀ ሁሉ ሌባ ነው ማለቴም አይደለም። ደህና ኦፕን አክሰስ (ለአንባቢ በነፃ ክፍት የሆኑ) ጆርናሎችም ያስከፍላሉ። ብዙዎቹ ግን ዋጋውን በግልጽ ይጽፋሉ፣ እንደ ኢትዮጵያ ካሉ አገሮች ለሚልኩም ክፍያውን ያነሳሉ ወይም ይቀንሳሉ። ሳትልኩ በፊት ጠይቁ።

እኔ ብልህ ነኝ፣ አልታለልም አትበሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የሳይንስ ጋዜጠኛ ሆን ብሎ በስህተት የሞላ የውሸት ጥናት ለ304 ጆርናሎች ላከ። 157ቱ ተቀበሉት። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ኦሚክስ የተባለውን አሳታሚ ተመራማሪዎችን በማታለሉ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈርዶበታል። ንግዱ ትልቅ ነው።

ልካችሁ ከሆነና አሁን ከጠረጠራችሁ የቅጂ መብት ቅጹን አትፈርሙ። ጽሑፌን አንስቻለሁ ብላችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ቅጂውንም አስቀምጡ። «ለማንሳት ክፈል» ይሏችኋል። አትክፈሉ።