ለ50 ብሩም ደረሰኝ ጠይቁ

ልጆቼ፣

ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብዙም በማይርቅ አንድ የበጎ አድራጎት ክሊኒክ 22 ዓመት ሂሳብ ሠርቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም። የበሽተኛ ነገር ግን ከደረሰኝ ጥራዝም ይነበባል። በየወሩ ስለሚዋጣ ትንሽ ብር ያየሁትን ልንገራችሁ።

አንድ ጊዜ ትልቅ የደም መመርመሪያ ማሽን ተሰጠን። ሪባን ተቆረጠ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ፎቶ ተነሣን። በአራተኛው ወር ሪኤጀንቱ፣ ማለትም ማሽኑ ደም የሚመረምርበት ኬሚካል፣ አለቀ። መግዣ የለም። ማሽኑ ነጭ ጨርቅ ለብሶ የሻይ ፔርሙስ ማስቀመጫ ሆነ። ለጋሹ ሊጎበኝ ሲመጣ ፔርሙሱን እናነሣለን። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በዚያው ሰሞን ከጎረቤት መሥሪያ ቤት 12 ሠራተኞች በየወሩ 50 50 ብር ያዋጡልን ነበር። አንዲት ልጅ ሰብስባ ታመጣና ለእያንዳንዳቸው ደረሰኝ ቁረጥ ትለኛለች። ለ600 ብር 12 ደረሰኝ! አጉረመርም ነበር። የገባኝ የዓመቱን ሂሳብ ስዘጋ ነው። ወር ጠብቆ የሚመጣ ገንዘብ እሱ ብቻ ነበር። ለዚህ ብቻ ይዋል የሚል ቀጭን ትእዛዝም የለበትም። ናፍጣ ሲያልቅ ናፍጣ፣ ጓንት ሲያልቅ ጓንት ሆነልን። አብዛኛው ግን ለበሽተኞች ትራንስፖርት ነው የሄደው።

ትራንስፖርት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለበት ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ፔኒሲሊን ይወጋል፣ ያውም ለዓመታት። በሽታው መነሻው በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው። መርፌው ርካሽ ነው። እናትየው የአውቶቡስ ካጣች ግን ልጁ ከቀጠሮው ይቀራል። ደጋግሞ ሲቀር የልቡ ቫልቭ ይጎዳል። ያኔ ነገሩ ቀዶ ሕክምና ይሆናል።

ትልቅ ስጦታ አያስፈልግም አላልኩም። የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማሰባሰብ የጀመሩት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል ሥራ የጀመረው በ2001 ዓ.ም. ነው። ቁጠሩት እስቲ! ሕንፃው ቆሞም አላቂ ዕቃው በየቀዶ ሕክምናው ይገዛል።

«ብሬ ለደመወዝ እንዳይውል» የምትሉ አላችሁ። መርፌውን የምትወጋው ነርስ ታዲያ ምን ትብላ? የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የበጎ አድራጎት ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከገቢው 20 በመቶ እንዳያልፍ ይከለክላል። ከጠረጠራችሁ የኦዲት ሪፖርት አሳዩን በሉ፤ አትፈሩ።

ወላጆቻችሁ ለእድር በየወሩ ይከፍሉ የለ? ዝናብ ዘነበ ብለው አይቀሩም። እናንተም ደመወዝ በገባ ቀን በቴሌብር ጣል አድርጉ፣ የቻላችሁትን። ደረሰኙን ግን እንዳትተዉ። ሂሳብ ሹሙ ቢነጫነጭ ቻሉት፤ እኔንም ያቺ ልጅ ችላኛለች።