ሦስት ቋንቋ በአንድ ሕንፃ፦ ስለ ኮኦፕ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ዲሲ የምትኖሩበት ሕንፃ ሊሸጥ መሆኑን አነበብኩ። ጥቁር አሜሪካውያን፣ ሳልቫዶሮችና ሀበሾች ናችሁ። «አብረን ገዝተን ኮኦፕ ብናደርገው እንስማማለን ወይ?» ነው ጥያቄሽ። ኮኦፕ ማለት ነዋሪዎቹ ሕንፃውን በጋራ ይዘው የሚያስተዳድሩት የቤት ማኅበር ነው። እኔ እንዲህ ባለ ኮኦፕ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ፤ አራቱን በገንዘብ ያዥነት። ትስማማላችሁ፤ ግን ሥራ አለው።

የዲሲ ሕግ ከ1980 (በፈረንጅ) ጀምሮ፣ ሕንፃ ሲሸጥ ለተከራዮች የመግዛት ዕድል ይሰጣል። በእኛ ጊዜ ማኅበር አቋቁመን ለማስመዝገብ የተሰጠን 45 ቀን ነበር። እንደ ዋዛ ያልፋል። ሕጉ ስለሚሻሻል ነገ ጠዋት ጠበቃ አነጋግሩ። እንደ እኛ ባለው ኮኦፕ እያንዳንዱ ቤተሰብ ድርሻ ይገዛል፣ በየወሩ ይከፍላል። ሲለቅ ድርሻውን በተገደበ ዋጋ ነው የሚሸጠው። ቤቱ ለሚቀጥለውም ሰው ርካሽ ሆኖ የሚቆየው ለዚህ ነው። ለእናቶቻችን በእድር አስረዳኋቸው፤ ወዲያው ገባቸው።

እኛን ያጣላን ሕንፃውን የሚያሞቀው ቦይለር ነው። ክረምት ላይ ተበላሸ፤ ወርሃዊው ክፍያ መጨመር ነበረበት። ስብሰባው በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር። ከኋላ የተቀመጡት እናቶቻችን ጎረቤት እጅ ሲያወጣ አብረው አወጡ። በማግስቱ ቡና ላይ «ገንዘባችንን ሊበሉ ነው» ተባለ። በሚቀጥለው ወር አምስት ቤት አልከፈለም። በር እያንኳኳሁ ስጠይቅ አንዷ እናት «ልጄ፣ እጄን አወጣሁ እንጂ ምን እንደተባለ መች ሰማሁ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በጆሮ ማዳመጫ የሚያስተረጉም ሰው ሳይኖር ድምፅ አንሰጥም። ስብሰባው እጥፍ ይረዝማል። ይርዘም።

ሁለተኛው ጥፋት የእኛ የሀበሾቹ ነው። ከስብሰባ በፊት አንድ ቤት ተሰብስበን፣ በአማርኛ ተነጋግረን፣ ወስነን እንሄድ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አዛውንት ተነሡ። «በ1968 ይህ ሰፈር ሲቃጠል እዚሁ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ጥሎት ሲሄድ አልለቀቅኩም። ዛሬ እናንተ በማልሰማው ቋንቋ ጨርሳችሁ ትመጣላችሁ» አሉ። አንገቴን ደፋሁ። ዶክተር ኪንግ በተገደሉ ጊዜ 14ኛው ጎዳና መቃጠሉን እንኳ አላውቅም ነበር። ዛሬ ክትፎ የምንበላበት ዩ ስትሪት አመድ ሲሆን እሳቸው እዚያው ኪራይ እየከፈሉ ነበር። ያን ልማድ በዚያው ሳምንት ተውነው።

ቦርዱን በዘር አትከፋፍሉ። «ለሀበሻ ሁለት፣ ለስፓኒሽ ሁለት» የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር፤ አጥብቄ ተቃወምኩ። እንደዚያ የተመረጠ ሰው ለወገኑ ጠበቃ እንጂ ለሕንፃው ኃላፊ አይሆንም። እኛ በየፎቁ ነው የመረጥነው። ሦስተኛ ፎቅ ጣሪያው ሲያፈስ በሀበሻውም በሳልቫዶሩም ላይ ያፈሳል። የወሩን ገቢና ወጪ ደግሞ በሦስቱም ቋንቋ ልብስ ማጠቢያው ክፍል በር ላይ እለጥፍ ነበር፤ ሐሜቱ ቀነሰ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ሐሙስ ነው ብለሻል። አስተርጓሚ ከዛሬ ጀምራችሁ ፈልጉ። እዚያ ሕንፃ ከሁሉም በላይ የቆየው ሰው ማን እንደሆነ ጠይቂና ከሐሙስ በፊት ቤቱ ሄደሽ አነጋግሪው። የእኛን መተዳደሪያ ደንብ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ።