ቴሌስኮፑ ይቆይህ፣ መጀመሪያ ማውንቱን

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ነዎት? ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ስራዬ ሰርግ ቀረጻ ነው፣ ካኖን 600ዲ ካሜራና 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አለኝ። ኔቡላ (የህዋ የጋዝና የአቧራ ደመና) እና ጋላክሲ ፎቶ ማንሳት ካማረኝ ቆየ። አሁን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ለገና ልትመጣ ነው፣ አንድ እቃ ላምጣልህ ብላኛለች። እዚህ ደግሞ አንድ ሰው ባለ 8 ኢንች ዶብሶኒያን ቴሌስኮፕ ልሽጥልህ አለኝ፣ የጠየቀኝ ግን ያጠራቀምኳትን ብር በሙሉ ነው። እሱን ልግዛና ለሷ የካሜራ ማያያዣውን ብቻ ልዘዛት ወይስ ሌላ የሚሻል ነገር አለ?

መልስ፦ ደህና ነኝ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዶብሶኒያኑን አትግዛ። እቃው መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ በአይን ለማየትማ ግሩም ነው፣ የሰፈሩን ልጆች ሰብስበህ የሳተርንን ቀለበት ብታሳይበት እድሜ ልካቸውን አይረሱትም። አንተ የጠየቅከኝ ግን ፎቶ ነው፣ ለፎቶ ሲሆን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል።

ለምን መሰለህ፣ ምድር ስለምትዞር ሰማዩ በየሰከንዱ 15 አርክ ሰከንድ ይሄድብሃል፣ አርክ ሰከንድ ማለት አንዷን ዲግሪ 3600 ቦታ ብትከፍላት አንዷ ቁራጭ ናት። ባለ 8 ኢንች ዶብሶኒያን አብዛኛውን ጊዜ ፎካል ሌንግዙ (በረዘመ ቁጥር የሚያጎላው ልክ) 1200 ሚሊ ሜትር ነው፣ በ600ዲ ሴንሰር ስታሰላው አንድ ፒክሰል 0.74 አርክ ሰከንድ ገደማ ይይዛል፣ ስለዚህ ሸተሩ አንዲት ሰከንድ ብቻ ተከፍቶ ቢቆይ ኮከቧ 20 ፒክሰል ተንሸራታ ታገኛታለህ። ኔቡላ ደግሞ በአንድ ሰከንድ አይወጣም፣ ብዙ ደቂቃ ብርሃን መሰብሰብ አለብህ። ሞተር ያለው ዶብሶኒያን ቢሆን እንኳ የሚዞረው ወደ ላይ ወደ ታችና ወደ ጎን ስለሆነ መሀሉን ይዞልህ የፎቶው ዳር ቀስ እያለ ይዞርብሃል።

እኔ ይሄን በራሴ ላይ ነው የተማርኩት። ሱሉልታ ላይ አንድ ታህሳስ ሙሉ ረጅም ቱቦ በቀጭን ትራይፖድ ላይ ጭኜ በውርጭ ሳነሳ ከረምኩ፣ በካሜራዋ ትንሽ ስክሪን ሲታይ ያምራል፣ ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ 100 ፐርሰንት ሳደርገው ግን እያንዳንዷ ኮከብ የስንዴ ፍሬ መስላ ረዝማለች፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ። ደህና የተነሳ ፎቶ ላይ ኮከብ እንደ ጤፍ ነው፣ ድቡልቡል። የወሩ ፎቶ ሁሉ ተጣለ፣ ሌንሱ ግን ምንም ችግር አልነበረበትም።

ስለዚህ የአክስትህ ልጅ የምታመጣልህ ማውንት ይሁን፣ ካሜራውን ወይም ቴሌስኮፑን ተሸክሞ የሚያዞረው እቃ ማለት ነው፣ እሱም ኢኳቶሪያል የሚባለው ዋና ዘንጉ ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ ሆኖ ሰማዩን የሚከተለው። ትልልቆቹን አትመኝ፣ ኢኪው 6 የሚሉት ጭንቅላቱ ብቻ 17 ኪሎ ነው፣ ሻንጣዋን በሙሉ ይበላባታል። ስታር ትራከር የሚባሉት ትንንሾቹ ይበቁሃል፣ ለምሳሌ የስካይ ዋቸር ስታር አድቬንቸረር 5 ኪሎ ይሸከማል (አንተ ግን ግማሹን ያህል ብቻ ጫንበት)። ክብደት ማመጣጠኛውን ብረትም ከአሜሪካ አታስጭናት፣ የዘንጉን ውፍረት ለክተህ ቶርኖ ቤት ብትሄድ ቀርጸው ይሰጡሃል።

ትራከሩ ላይ መጀመሪያ ያንኑ 50 ሚሊ ሜትርህን፣ ብር ስታገኝ ደግሞ 135 ሚሊ ሜትር ጫንበት። በ135 ካሜራህ 9 በ6 ዲግሪ ገደማ ሰማይ ይይዛል፣ የኦሪዮን መቀነትና ከስሩ ያለው ትልቁ ኔቡላ አንድ ላይ ይገቡልሃል፣ አንድሮሜዳ ጋላክሲም በሰፊው ትገባለች። ቴሌስኮፕ ከዛ በኋላ ነው፣ ያኔም 60 ወይም 70 ሚሊ ሜትር የሆነ አጭር ሪፍራክተር (በመስታወት ሳይሆን በሌንስ የሚሰራ ቴሌስኮፕ) እንጂ ትልቅ አይደለም።

አሁን ከሁሉም በላይ ልብ እንድትልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። የማውንቱን ዘንግ የምታነጣጥረው ወደ ሰሜን ኮከብ ነው። ማውንት ደግሞ የሚሰራው ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰው ታስቦ ነው፣ እዛ የሰሜን ኮከብ 40 እና 50 ዲግሪ ላይ ነው ያለችው፣ እኛ ጋር ግን 9 ዲግሪ ላይ ናት፣ ክንድህን ዘርግተህ ጡጫህን አድማሱ ላይ ብታስቀምጣት የጡጫህን ጫፍ አታልፍም። አንዳንዱ ማውንት ወደ ታች እስከዛ ድረስ አይወርድም! ሳትከፍሉ በፊት ሻጩን "ላቲትዩዱ 9 ዲግሪ ድረስ ይወርዳል ወይ" ብላ ትጠይቅልህ፣ አይወርድም ካለ ይቅር። በዚህ ዝቅታ ላይ የክብደቱ ዘንግ ከትራይፖዱ እግር ጋር ሊጋጭም ይችላል፣ በሁለት እግሮች መሀል ያለውን ክፍተት ወደ ሰሜን አድርገው።

ሌላው ያንተ ችግር ሰፈርህ ከከተማው ደቡብ መሆኑ ነው፣ ወደ ሰሜን ስታይ የአዲስ አበባ መብራት ያችን ዝቅተኛ ኮከብ ይውጣታል። እኔ ሱሉልታ ሆኜ ሰሜኑ ይከፈትልኛል፣ የከተማው መብራት ከእንጦጦ ጀርባ ተነስቶ ደቡቡን ያበላሽብኛል። ታዲያ የሰሜን ኮከብን ካላየህ ማውንቱን በኮምፓስና በ9 ዲግሪ አስተካክለህ ላፕቶፕ ላይ ኒና የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር ከዘንግ ማስተካከያ ተጨማሪው (ፕለጊን) ጋር ጫን፣ ሶስት ቦታ ፎቶ አንስቶ ዘንግህ ምን ያህል እንደሳተ ይነግርሃል፣ የሰሜን ኮከብን ማየት አያስፈልገውም። ኮንዶሚኒየም ጣራ ላይ አትስራ፣ ሰው በተራመደ ቁጥር ይነቃነቃል፣ ዱከም አካባቢ ግቢ ያለው ዘመድ ካለህ እዛ ይሻላል።

ሲስታር ኤስ 50 የሚባለውን ሁሉን በራሱ የሚሰራ ትንሽ ቴሌስኮፕ ሰው ቢመክርህ ውሸት አይደለም፣ ጥሩ እቃ ነው፣ ግን አንተ ካሜራ ያለህና መቅረጽ የምታውቅ ሰው ነህ፣ እኔ ብሆን ትራከሩን ነው የምመርጠው። ካሜራህን ደግሞ ማንም ከፍተህ ሴንሰሩ ፊት ያለውን ፊልተር አውጣው ቢልህ እንዳትሰማ፣ እውነት ነው ያ ፊልተር ከኔቡላዎች የሚመጣውን የሃይድሮጅን ቀይ ብርሃን አብዛኛውን ይከለክላል፣ ግን ከወጣ በኋላ የሙሽሮቹ ፊት ቀይ ይሆንብህና እንጀራህ ላይ ይመጣል። የኦሪዮን ኔቡላ ደማቅ ስለሆነ ሳይነካም ይወጣልሃል።

ሌንሱ ላይ ጤዛ ሲይዝ በጋቢ ጫፍ እንዳትጠርገው፣ በፓወር ባንክ የሚሞቅ የሌንስ ቀበቶ አለ፣ ቀላል ስለሆነ እሱንም ጨምራ ታምጣልህ።

እሷ እስክትመጣ እጅህን አጣጥፈህ አትቀመጥ። ዛሬ ማታ ካሜራህን ትራይፖድ ላይ አድርገህ በ50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2.8፣ አይኤስኦ 1600፣ 4 ሰከንድ 4 ሰከንድ እያልክ 200 ፎቶ አንሳና ሲሪል በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ደራርባቸው። ጥር ላይ ማውንቱ ሲደርስ ኦሪዮን ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ አናትህ ላይ ማለት ይቻላል፣ እሱን ጨርሰህ ካልደከመህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ወደ ደቡብ አዙረው፣ የካሪና ኔቡላ 21 ዲግሪ ገደማ ላይ ቆማ ታገኛታለህ፣ አውሮፓ ያለ ሰው ከቤቱ ሆኖ የማያያት ናት፣ ያንተ ሰፈር ደግሞ ለሷ ከኔ ይሻላል።