መልስ፦ ለልጅ የጓሮ መጫወቻ ቤት ምሰሶ ልቅበር?

ወንድሜ፣ መጋዝ ይዘህ ባታውቅም የመጫወቻ ቤቱን መሥራት ይቻላል። ምሰሶ ግን አትቅበር። አቃቂ ያለው ጓሮህ ጥቁር ዋልካ አፈር ነው ብለሃል። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። የቀበርከውን እንጨት ያናጋብሃል፤ እርጥበቱም ያበሰብሰዋል። ይልቅ አራቱን ማዕዘን ብሎኬት ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጥ። ውሃ ልክ (ወለል አለመዝመሙን የሚያሳየውን መሣሪያ) ከጎረቤት ተዋስና ወለሉን አስተካክል። እሱ ከተስተካከለ ግድግዳው ብዙም አያስቸግርህም።

እንጨት ስትገዛ አትቸኩል። እርጥብ ባሕር ዛፍ በዋጋው ያጓጓል፤ ሲደርቅ ግን ይጣመማል። የደረቀ ሞራሌ፣ ማለትም በአራት ማዕዘን የተሰነጠቀ እንጨት፣ ፈልግ። መጋጠሚያውን በምስማር ሳይሆን እንጨት ውስጥ በሚጠመዘዝ የብረት ብሎን እሰር፤ ከተሳሳትክ ፈትተህ ትደግማለህ።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ልቀባው ወይ ላልከው፣ ልጅ እጁን የሚያሳርፍበት ቦታ ላይ በፍጹም! ቀለም ይበቃል። የጣሪያውን ቆርቆሮ ጠርዝ እጠፈው፣ ስለት ነው። የበረንዳው መከለያ ርብራብ ክፍተት ከ9 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ሰፋ ካለ ገላው ያልፍና ጭንቅላቱ ይቀረቀራል። ፎቅ ይሁን ያልከውን ለጊዜው ተወው፤ ለ5 ዓመት ልጅ ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለ ወለል በቂው ነው። መስኮቶቹን ደግሞ ትይዩ አድርጋቸው። ቆርቆሮ ቀን ላይ ስለሚግል ነፋስ ማለፊያ ይፈልጋል።