መገጣጠሚያው የተጎዳ መንጋጋ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል?

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ሴት ነኝ። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ የፊት ጥርሶቼ አልገጥም ብለዋል፤ አገጬም ወደ ኋላ እየሸሸ ነው። አንድ ሐኪም መንጋጋዬ በቀዶ ሕክምና ወደ ፊት እንዲመጣ መክሮኛል። ሌላው ግን መገጣጠሚያው ተበልቷልና አይሆንም ይላል። የትኛውን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱም ያዩት እውነት ነው። ወሳኙ ግን ጉዳቱ መኖሩ ሳይሆን መቆም አለመቆሙ ነው። ከጆሮዎ ፊት ያለው የታችኛው መንጋጋ አጥንት ራስ፣ ማለትም ኮንዳይሉ፣ እየተበላ ሲያጥር መንጋጋው ወደ ኋላና ወደ ታች ይዞራል፤ የኋላ ጥርሶች ቀድመው ይነካካሉ፣ የፊቶቹ ክፍት ይቀራሉ። ችግሩ በብዛት የሚታየው በወጣት ሴቶች ላይ ነው። አንዳንዴ መንስኤው አይገኝም፤ አንዳንዴ ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያዎች የሚያጠቃበት በሽታ፣ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ጠዋት ጣቶችዎ የሚተሳሰሩ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ የደም ምርመራና ሕክምናው ከቀዶው መቅደም አለበት።

አጥንቱ እየተበላ ሳለ መንጋጋውን ወደ ፊት ማምጣት አልመክርም። የተወጠሩት ጡንቻዎች መልሰው ይጎትቱታል፣ ጫናው በደከመው ኮንዳይል ላይ ያርፋል፤ በቀጣዮቹ ወራት ወይም ዓመታት ጥርሶቹ እንደገና ይከፈታሉ።

መቆሙ የሚታወቀው በአንድ ፎቶ አይደለም። ዛሬ የተነሳ ሲቲ ስካን ከ6 እስከ 12 ወር ቆይቶ ከሚነሳው ጋር ይነጻጸራል። ከጥርስዎ ላይ የተወሰዱ የቆዩ የጂፕስ ቅርጾችና የፊት ፎቶዎች ካሉዎት ይዘው ይሂዱ፣ ብዙ ይናገራሉ። ኤምአርአይ የዲስኩን፣ ማለትም በመገጣጠሚያው ውስጥ እንደ ትራስ ያለውን አካል፣ ቦታና እብጠቱን ያሳያል። ጥቂት ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በደም ሥር ተሰጥቶ በሥራ ላይ ያለ አጥንት በምስሉ ደምቆ የሚታይበት የኑክሌር አጥንት ምርመራም ያግዛል፤ ግን የሚያገግም አጥንትም ስለሚደምቅበት ለብቻው አይወስንም። እስከዚያ ማስቲካና ጠንካራ ቆሎ ይተዉ። የፊት ጥርሶችን በብሬስ (በጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ጎትቶ ክፍተቱን መዝጋትንም አይቀበሉ፤ ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም።

ለውጡ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ከቆመና በቂ አጥንት ከተረፈ፣ ብዙ ጊዜ የምንመርጠው የላይኛውን መንጋጋ ከኋላ በኩል ከፍ ማድረግን ነው። የታችኛው ራሱ ዞሮ ይገጥማል፤ አገጩ ለብቻው ወደ ፊት ሊመጣ ይችላል፤ ኮንዳይሉም ብዙ አይጫንም። የታችኛውም ከተቆረጠ የከንፈር መደንዘዝ ይጠብቁ፤ በአብዛኛው በወራት ይሻላል፣ በአንዳንዶች ግን ይቀራል።

ኮንዳይሉ ካለቀ ወይም መበላቱ ካልቆመ፣ በሲቲ ስካን ልክ የሚሠራ የብረትና የጠንካራ ፕላስቲክ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ይተካል፤ መንጋጋውም በዚያው ቀዶ ሊስተካከል ይችላል። የፊት ነርቭ በአጠገቡ ስለሚያልፍ ቅንድብ ማንሳት ሊያስቸግር ይችላል። ቀዶ ሐኪምዎ ይህን መገጣጠሚያ ራሱ ይተካ እንደሆነና አፍዎ ከቀዶው በኋላ ስንት ሚሊሜትር ይከፈታል ብሎ እንደሚጠብቅ ይጠይቁት።