ጉልበቱ ያለው ዝቅተኛው ዙር ላይ ነው

ጥያቄ፦ የ2016 ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ገዛሁ። ወንድሜ «የእኔ ካምሪ ቪ6 268 የፈረስ ጉልበት አላት፣ ያንተ 210፤ ታዲያ ምኗ ነው ልዩ?» እያለ ያበሽቀኛል። ደግሞም እዚህ ከፍታ ላይ 85 ኦክቴን ቤንዚን ይበቃል ይሉኛል። እውነት ነው?
መ. ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ

መልስ፦ ወንድምዎ የጠቀሰው ቁጥር ትክክል ነው። ግን 268ቱን ለማግኘት ሞተሩን በደቂቃ እስከ 6,200 ዙር መርገጥ አለበት፤ ሥራ ለመሄድ ማን እዚያ ይደርሳል? ከተማ ውስጥ አብዛኛው መንገድ የሚያልቀው ከ1,500 እስከ 3,000 ዙር ባለው ነው። ጎማ የሚያዞረው ጉልበት፣ ቶርክ የሚባለው፣ በእርስዎ ሞተር 350 ኒውተን ሜትር ሲሆን ገና በ1,500 ዙር ይገኛል። የካምሪው 336 ነው፤ የሚመጣውም በ4,700 ዙር።

ከፍታው ደግሞ ልዩነቱን ያሰፋዋል። አውሮራ ባለችበት 1,600 ሜትር ገደማ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ በ17 በመቶ ገደማ ያንሳል። ካምሪው ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) ስለሌለው 268ቱ ወደ 225 ይጠጋል። (አዲስ አበባማ ከዚህም ከፍ ስለምትል ቱርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ የእንጦጦ ዳገት ምስክር ነው።) የእርስዎ ቱርቦ ግን ይበልጥ እየፈጠነ የጎደለውን አየር ገፍቶ ያስገባል።

85 ኦክቴኑን ይተዉት፤ ኦክቴን ቤንዚኑ ያለጊዜው መንደድን የሚቋቋምበት ደረጃ ነው። ወሬው የመጣው ከድሮ ካርቡሬተር መኪኖች ነው፤ አየሩ ስስ ሲሆን ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ቤንዚኑ ያለጊዜው አይነድም ነበር። ቱርቦ ያን ግፊት መልሶ ያመጣዋል። ቤንዚኑ ያለጊዜው ነድዶ ሞተሩ ማንኳኳት ሲጀምር ኮምፒውተሩ የካንዴላውን እሳት ያዘገያል፤ ጉልበት ይወርዳል፣ ሙቀት ይጨምራል። 91 ይቅዱ፣ ካልተቻለ 87። ተሳስተው 85 ከሞሉ በእርጋታ እየነዱ፣ ጋኑ ሲጎድል በ91 ይሙሉት።

የሞተር ዘይቱ ቪደብሊው 502 00 የሚል የቮልስዋገን ማረጋገጫ ያለው 5ደብሊው-40 ይሁን፤ 5.7 ሊትር ገደማ ይወስዳል። መመሪያው በ10,000 ማይል ቀይሩ ቢልም እኛ በ5,000 እንመክራለን፤ የቱርቦው ዘንግ የሚሽከረከረው በዚሁ ዘይት ላይ ነው። ጠዋት የዘይቱ ሙቀት 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ አይርገጡ። ተራራ ወጥተው ሲመለሱም የመጨረሻውን ሁለት ኪሎ ሜትር ዝግ ብለው ይንዱ፣ አለዚያ ዘይቱ ቱርቦው ውስጥ ያርራል።

ሁለት የታወቁ ችግሮችን ይጠብቁ። የውሃ ፖምፑና የቴርሞስታቱ ቤት ፕላስቲክ ስለሆነ ያፈሳል፤ የራዲያተሩ ፈሳሽ ሲቀንስ ወይም ጣፋጭ ሽታ ሲኖር እየሞሉ ከመንዳት ቤቱን በሙሉ ያስቀይሩ። ሌላው የጥላሸት ነገር ነው። ቤንዚኑ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚረጭ የአየር ማስገቢያ ቫልቮቹን አያጥባቸውም፤ ጥላሸት ይጠራቀምባቸዋል። ጠዋት ሲነሣ የሚንቀጠቀጥና የሚቆራረጥ ከሆነ፣ ካንዴላዎቹም ደህና ከሆኑ፣ ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያደርሰው ቱቦ) ተፈትቶ ቫልቮቹ በተፈጨ የዋልነት ቅርፊት ይነፋሉ። ጋን ውስጥ የሚጨመረው ማጽጃ እነሱ ጋ ስለማይደርስ ገንዘብዎን አያባክኑ።